የባለእጆቹ ዓመት

እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1930፤ ከሊቨርፑል ማዶ ባለችው በሆይሌክ የብሪታንያ ኦፕን የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ዙር እየተካሄደ ነው። ቦቢ ጆንስ የስምንተኛውን ቀዳዳ ሜዳ በሁለት ምት አገባዶ ከግሪኑ ጠርዝ የቀረው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ግሪን የሚሉት ቀዳዳው ያለበትን፣ እጅግ አጥሮ የታጨደውን ሣር ነው። ከዚያ ወዲያ አንዴ አስጠግቶ አንዴ መግፋት ነው፤ በቃ። ሦስተኛው ምት ግን አጠረ። አራተኛውም እንደሚገባ አልደረሰም። አምስተኛው ቀዳዳውን ስቶ አለፈ፤ ስድስተኛውን፣ ከክንድ የማይርቀውን፣ ደግሞ ሳተው። በሰባት ጨረሰ።

የቀረውን ሜዳ የተጫወተው ደንዝዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያወጣው አሥራ ስድስተኛው ቀዳዳ ነው። ኳሷ ከግሪኑ አጠገብ ካለ የአሸዋ ጉድጓድ ገብታ ግድግዳውን ተጠግታለች፤ እግር የሚያስቆም ደልዳላ ቦታ እንኳን የለም። ጆንስ ከቦርሳው ያወጣው ከሌሎቹ ሁሉ የከበደ፣ ፊቱ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ዱላ ነበር። ኳሷ ከአሸዋው ወጣች፤ በግሪኑ ላይ ተንከባለለች፤ ከቀዳዳው ጥቂት ጣት ሲቀራት ቆመች። ጆንስ ዋንጫውን በ291 ምት ወሰደ። ሊዮ ዲግልና ማክዶናልድ ስሚዝ በ293 እኩል ሁለተኛ ሆኑ።

ያን የጎደጎደ ዱላ የሰጠው ሆርተን ስሚዝ ነው፤ ከሚዙሪ የመጣ፣ በጎልፍ እንጀራውን የሚበላ ወጣት። ጆንስ ደግሞ በጎልፍ ሳንቲም የማይቀበል የአትላንታ ጠበቃ ነበር። ታሪኩን ከዚህ ዱላ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የ1930 ዓመት በጎልፍ ዓለም ሁልጊዜ የሚተረከው በአንድ መንገድ ነው። ለፍቅር ብቻ የሚጫወት አማተር በአንድ የበጋ ወራት አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ፦ በሴንት አንድሪውስ የብሪታንያን አማተር፣ በሆይሌክ አማተርም ባለሙያም የሚገባበትን ኦፕን፣ በሚኒሶታ ኢንተርላከን የአሜሪካን ኦፕን፣ በፔንሲልቬንያ ሜሪዮን የአሜሪካን አማተር። ከእሱ በፊት ማንም አላደረገውም፤ ከእሱ በኋላም ማንም አልደገመውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለጆንስ ያለኝ አድናቆትም ከማንም አያንስም። ነገር ግን ፍቅር ገንዘብን አሸነፈ እየተባለ ሲተረክ አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል። ያ ዓመት የባለእጆች ዓመት ነው። ጆንስ የመታበት እያንዳንዱ ዱላ፣ ዱላውን ያነሳበት አኳኋን ሳይቀር፣ በጎልፍ ከሚተዳደሩ ሠራተኞች እጅ የመጣ ነው። እነዚያ ሠራተኞች ደግሞ ለረጅም ዘመን በዋናው በር የማይገቡ ሰዎች ነበሩ።

ከምቱ እንጀምር። በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ ካርኑስቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በሃያኛው መጀመሪያ በመቶ የሚቆጠሩ የካርኑስቲ ልጆች መርከብ ተሳፍረው አሜሪካ ገቡ። አዲስ ለሚከፈቱት የጎልፍ ክለቦች ዱላ ይሠራሉ፣ ኳስ ይሸጣሉ፣ የባለጸጋ ልጆችን ያስተምራሉ፣ ሣሩን ያሳጭዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ስቱዋርት ሜይደን ነው፤ ወንድሙን ጂሚን ተክቶ በአትላንታ ኢስት ሌክ ክለብ ተቀጠረ። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ከቁመቱ ያጠረ ሰው ነበር ይሉታል።

ጆንስ በ1902 የተወለደ፣ በሕፃንነቱ ምግብ የማይስማማው ሕመምተኛ ልጅ ነበር። ወላጆቹ አየር ይለውጥ ብለው በበጋ ኢስት ሌክ ሜዳ ዳር ቤት ያዙ። ልጁ መደበኛ ትምህርት ተሰጥቶት አያውቅም፤ ሜይደን ሲሄድ ከኋላው እየተከተለ፣ ቆሞ እያየ፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ያየውን መድገም ነበር ሥራው። ካደገ በኋላ ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግር እንደነበር ብዙዎች ተርከዋል። የዓለምን ሕዝብ ያስደነቀው የቦቢ ጆንስ ምት እንግዲህ የአንድ ካርኑስቲያዊ ዱላ ሠሪ ምት ነው።

ዱላዎቹም እንዲሁ። በግሪን ላይ ኳስ የሚገፋበት ፓተር ካላሚቲ ጄን የሚል ስም ነበረው፤ የሰጠው ጂሚ ሜይደን ነው። እጀታው በአንድ ወቅት ተሰንጥቆ ነበርና በክር ተጠፍሯል። በኋላ ፓተሩ ተቀድቶ ሲሠራ ያ የክር ጥፍር አብሮ ተቀዳ፤ ያልተሰነጠቀ እንጨት ላይ የስንጥቅ መጠገኛ አሰሩበት። ጂኒ ዲንስ የሚለው ስም የወጣለት ድራይቨር፣ ለመጀመሪያው ረጅም ምት የሚያነሳው ዱላ፣ የጃክ ዋይት ሥራ ነው። ጃክ ዋይት በ1904 ኦፕኑን ያሸነፈ ስኮትላንዳዊ ሲሆን ከለንደን አቅራቢያ በሰኒንግዴል ክለብ ዱላ ይሠራ ነበር። በ1904 ኦፕኑን ያሸነፈ ሰው የሠራውን ዱላ በ1930 ኦፕኑን ያሸነፈው ሰው ይዞት ቆመ ማለት ነው።

የምኖረው ጆንስ በተወለደባት በአትላንታ ነው፤ ሥራዬም የቆየ የቤት ዕቃ ማደስ ነው። የጎልፍ ፍቅር የገባብኝ በእንጨቱ በኩል ነው። አንድ ደንበኛ የአያቱን ዱላዎች ይዞ መጥቶ እጀታቸው የላላውን እንዳጠብቅለት ጠየቀኝ። ሂኮሪ ነበሩ። የዚህ አገር ሂኮሪ ጅማቱ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ለመጥረቢያ እጀታ የሚመረጠው ለዚህ ነው። አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃኑ ሳዞረው ሠሪው የሠራው ነገር ታየኝ። ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል አልነበረም፤ ወደ ብረቱ ሲቃረብ በጥንቃቄ ተላግቷል፤ በአንድ በኩል ብቻ ትንሽ ተጨማሪ ተፍቋል። ለካ በዚያ በኩል ጅማቱ ደንደን ስለሚል ሰውየው እየለጠጠ፣ እየሞከረ፣ ዱላው በሁሉም አቅጣጫ እኩል እስኪታጠፍለት ድረስ ፍቆታል። ብረቱ ከእንጨቱ የሚገጥምበት አንገት ላይ ሰም የጠጣ ጥቁር ክር ተጠምጥሟል፤ የክሩ ጫፍ ከጥምጥሙ ሥር ገብቶ ተደብቋል፤ ቋጠሮ የሚባል ነገር አይታይም። ስሙን የትም አልጻፈም። እኔ የጨመርኩት ጥቂት ሙጫና ክር ብቻ ነው፤ ሌላውን መንካት አስፈራኝ።

ሂኮሪ ሲመታ ይጠማዘዛል። ብረቱ ኳሷን ሲነካ እንጨቱ ጠመም ይልና ይመለሳል፤ ተጫዋቹ ያን መመለሻ ቅጽበት በሰውነቱ ማወቅ አለበት። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ምት ዝግ ያለ፣ ሰፊ፣ ሙዚቃ ያለው የሚመስለው። ጆንስ ዱላዎቹን በዓመታት አንድ በአንድ እያነሳ፣ እየወዘወዘ፣ ለእጁ የተስማማውን እያስቀረ የሰበሰባቸው ናቸው። በኋላ በመሣሪያ ሲመረመሩ ከአንዱ በቀር ሁሉም እርስ በርስ ተመጣጣኝ ሆነው ተገኙ፤ ያ አንዱም ሁልጊዜ ያስቸግረው የነበረው ነው ይባላል።

ጆንስ አማተር ሆኖ የኖረው በሚገባ ስለተማረና ስለተደላደለ ነው። በጆርጂያ ቴክ ምህንድስና፣ በሃርቫርድ ሥነ ጽሑፍ፣ ቀጥሎም በኤሞሪ ሕግ አጥንቶ ትምህርቱን ሳይጨርስ የጥብቅና ፈተናውን አለፈ። አባቱም ጠበቃ ነበር። ልምምድ የሚያደርገው ከሥራ በተረፈው ጊዜ ነው፤ በብዙ ዓመታት ከጥቂት ውድድር በላይ አይጫወትም ነበር። ሐቀኛነቱም የታወቀ ነው። በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ኳሷ ስትንቀሳቀስ ማንም ሳያይ በራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ፤ በመጨረሻም እኩል ወጥቶ በተጨማሪው ግጥሚያ ተሸነፈ። ያን ሰው አለማክበር አይቻልም።

በጎልፍ የሚተዳደረው ባለሙያ ግን ሌላ ኑሮ ነበረው። የክለቡ አባላት ጌቶቹ ናቸው፤ ልብሱን የሚቀይረው በዱላ መሥሪያው ጎጆ ውስጥ ነው፤ በክለቡ ቤት በር አይገባም። በ1920 ዋልተር ሄገን እንግሊዝ ዲል ላይ ለኦፕኑ ሲሄድ ልብስ መቀየሪያ ቢከለከል የቅንጦት መኪና ተከራይቶ በክለቡ ደጃፍ አቆመና እዚያው ውስጥ እየለበሰ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በኦሃዮ የሚገኘው የኢንቨርነስ ክለብ ለአሜሪካ ኦፕን ሲዘጋጅ ለባለሙያዎቹ በሩን ከፈተ። ባለሙያዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ለክለቡ ትልቅ የቁም ሰዓት ሰጡ። በሰው ቤት በር ስለገቡ ስጦታ ማዋጣታቸው ልብ ይነካኛል። እኛም አገር ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ጋቢውን የሸመነው፣ ጋኑን የሠራችው ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከማዘዝ የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው።

ወደ ዓመቱ ልመለስ። 1930 የተጀመረው በገንዘብ ነው። በጃንዋሪ በሜክሲኮ ቲጁዋና፣ አጉዋ ካሊየንቴ በተባለው መዝናኛ፣ ጂን ሳራዘን 10,000 ዶላር አሸነፈ፤ ከዎል ስትሪት ውድቀት ወራት በኋላ የማይታመን ገንዘብ ነበር። ሄገን ደግሞ በአውስትራሊያና በሩቅ ምሥራቅ እየዞረ በትርዒት ግጥሚያ ይነግድ ነበር፤ ለዚህ ነው ሆይሌክ ላይ ያልታየው። ጆንስ ክረምቱን እንደ ወትሮው በእረፍት አላሳለፈውም። በሳቫና ከባለሙያዎች ጋር ተሰልፎ በዚያው በሆርተን ስሚዝ በአንድ ምት ተሸነፈ፤ ከዚያ ኦገስታ ላይ በ13 ምት ልዩነት አሸነፈ።

በሜይ ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ የአሜሪካን አማተሮች ቡድን አለቃ ሆኖ በሳንድዊች የዎከርን ዋንጫ ካስገኘ በኋላ ሴንት አንድሪውስ ገባ። የብሪታንያን አማተር ከዚያ በፊት አሸንፎት አያውቅም። ይህ ውድድር ሁለት ሰዎች ቀዳዳ በቀዳዳ የሚፋለሙበት ስለሆነ አንድ ክፉ ጠዋት ከሁሉ ያስወጣል። ነፋስ በበረታበት አንድ ቀን ያገኘው የቀድሞውን ዓመት አሸናፊ ሲሪል ቶሊን ነው፤ አሥራ ስምንቱም ቀዳዳ አልለያቸውም። በአሥራ ዘጠነኛው የጆንስ ኳስ በቶሊ ኳስና በቀዳዳው መካከል ቆመች። በዚያ ዘመን ደንብ መንገድ የዘጋችን ኳስ ማንሳት አይፈቀድም ነበር፤ ቶሊ ማለፊያ አጣ። ከጆርጅ ቮይት ጋር ደግሞ አምስት ቀዳዳ ብቻ ሲቀር በሁለት ይመራ የነበረው ቮይት ነው፤ ጆንስ እየተንገታገተ በአንድ አለፈ። ፍጻሜው በንጽጽር ቀላል ነበር፤ ሮጀር ዌዘረድን ስድስት ቀዳዳ ሲቀር በሰባት ረታው።

በዚያው ሰሞን ጆንስ ከሮጀር እህት ከጆይስ ዌዘረድ ጋር በሴንት አንድሪውስ አብሮ ተጫውቶ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ የእሷን ያህል የመታ ሰው አላየሁም የሚል ምስክርነት ሰጥቷል። የሴቶቹ ዓመት በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። በፎርምቢ የብሪታንያ ሴቶች ፍጻሜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዳያና ፊሽዊክ ታላቋን አሜሪካዊት ግሌና ኮሌትን አሸነፈች፤ ኮሌትም አገሯ ተመልሳ የአሜሪካን ሴቶች ዋንጫ ለአምስተኛ ጊዜ ወሰደች። ለሴቶች ግን የሚከፈልበት ውድድር ገና አልነበረም። ሴት ልጅ በጎልፍ ስትወዳደር አማተር ከመሆን ሌላ መንገድ አልነበራትም።

የሆይሌኩን ነግሬያለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያን ቀን በሦስተኛው ዙር እንግሊዛዊው ባለሙያ አርቺ ኮምፕስተን በ68 ምት ጆንስን አልፎ መሪ ሆነ፤ ሕዝቡ በደስታ ሰከረ። ከሰዓት በኋላ በ82 ጨርሶ ከመዝገቡ አናት ወደቀ። ማክዶናልድ ስሚዝ ግን የመጨረሻውን ዙር በ71 ነው የዘጋው፤ ጆንስ 75 ሲመታ። ጁላይ 2 ቀን ኒው ዮርክ ጆንስን በብሮድዌይ ወረቀት እየበተነች ተቀበለችው።

ከዚያ በሳምንቱ ኢንተርላከን። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ነበር። ጆንስ በመጀመሪያው ቀን ከሜዳ ሲወጣ በላብ የራሰ ክራባቱ ቋጠሮው አልፈታ ስላለ ጋዜጠኛው ወዳጁ ኦ. ቢ. ኪለር በስለት ቆርጦ አወጣለት። በሁለተኛው ዙር በዘጠነኛው ቀዳዳ ያበላሸው ምት በኩሬው ላይ እየነጠረ ማዶ ተሻገረ፤ ተመልካቹ የውሃ አበባ ቅጠል ላይ አርፎ ነው የነጠረው አለ። ሦስተኛውን ዙር በ68 ጨርሶ በአምስት ምት መሪ ሆነ። በመጨረሻው ዙር አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ግን ኳሱ ጠፋች፤ ብትፈለግ አልተገኘችም። ዳኛው ፕሬስኮት ቡሽ፣ በኋላ ለፕሬዚዳንትነት የበቁት ቡሾች አባትና አያት፣ ኳሷ ውሃ ገብታለች ብሎ በአንድ ቅጣት ሌላ ኳስ እንዲያስቀምጥ ፈቀደ። ኳስ ጠፍታለች ቢባል ኖሮ ተመልሶ ከመነሻው መምታት ነበረበት። ጆንስ በአምስት ወጣ፤ በመጨረሻው ቀዳዳ ደግሞ ከ12 ሜትር ገደማ ገፍቶ አስገባና በ287 ጨረሰ።

ሁለተኛ የወጣው ማን ነው? በ289፣ የመጨረሻውን ዙር በ70 የዘጋው ማክዶናልድ ስሚዝ። በአንድ የበጋ ወራት፣ በሁለት አገር፣ በሁለት ኦፕን፣ በሁለት በሁለት ምት።

ስሚዝም የካርኑስቲ ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ዊሊ በ1899 የአሜሪካን ኦፕን አሸንፏል፤ ሌላው ወንድሙ አሌክስ በ1906 እና በ1910 አሸንፏል። በ1910 ሦስት ሰዎች እኩል ወጥተው በተጨማሪ ዙር ሲለዩ ከሦስቱ አንዱ ገና ወጣት የነበረው ማክዶናልድ ነበር፤ በገዛ ወንድሙ ተሸነፈ። በጦርነቱ ዓመታት በመርከብ መሥሪያ ሠርቷል። በ1925 በፕሬስትዊክ ኦፕኑን በአምስት ምት እየመራ የመጨረሻውን ዙር ሲጀምር፣ እንሸኘው ብሎ የወጣው ስኮትላንዳዊ ሕዝብ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ለእያንዳንዱ ምት መንገድ እስኪከፈት መቆም ነበረበት። 82 መታ። በሌሎች ውድድሮች ከሃያ በላይ ድል አለው፤ ምቱን ያዩ ሁሉ እንከን የማይወጣለት ይሉታል። እኔ የ1930ን ሠንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በሁለተኛው መስመር ላይ ነው። አንደኛውም ሁለተኛውም መስመር ላይ ያለው ምት ከአንዲት የስኮትላንድ መንደር የወጣ ነው፤ አንዱ ተወልዶበት፣ ሌላው ተመልክቶ ወስዶት።

ሜሪዮን ላይ ትንፋሽ የሚያስይዝ ነገር አልነበረም። ጆንስ በ14 ዓመቱ፣ በ1916፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ ውድድር የታየው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 27 ቀን ዩጂን ሆማንስን በአሥራ አንደኛው ግሪን ላይ፣ ሰባት ቀዳዳ ሲቀር በስምንት በልጦ ሲጨርስ የባሕር ኃይል ወታደሮች ከበው ከሕዝቡ ግፊያ አወጡት። ኖቬምበር 17 ቀን፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ከውድድር መሰናበቱን አስታወቀ።

በዚሁ ሴፕቴምበር ባለሙያዎቹ የራሳቸውን ታላቅ ውድድር በኒው ዮርክ ፍሬሽ ሜዶ አካሂደዋል። ጆንስ አማተር ስለሆነ ሊገባበት አይችልም ነበር። በፍጻሜው ቶሚ አርመር ሳራዘንን፣ ሳራዘን ራሱ ተቀጥሮ በሚሠራበት ሜዳ ላይ፣ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ረታው። አርመር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ የኤደንብራ ልጅ ነው። እንደ እኔ ከሆነ የዓመቱ ምርጥ ግጥሚያ ይህ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ጆንስ ከተሰናበተ በኋላ ለዋርነር ብራዘርስ የጎልፍ ማስተማሪያ ፊልሞች ሠራ፤ ለስፖልዲንግ ኩባንያም በስሙ የሚሸጥ ዱላ አወጣ። በገንዘቡ አልቀየመውም፤ የልፋቱ ዋጋ ነው። ዱላዎቹ ግን የብረት ቱቦ እጀታ ነበራቸው፤ በቁጥር ተለይተው ከፋብሪካ በስብስብ የሚወጡ። የስኮትላንዱ የጎልፍ የበላይ አካል የብረት እጀታን የፈቀደው በ1929 ማብቂያ ነው፤ ጆንስ በሂኮሪ ጸንቶ ዓመቱን ጨረሰ። በ1931 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው ቢሊ በርክ በብረት እጀታ ነው የመታው። ከዚያ በኋላ በየክለቡ ጓዳ ሙጫ የሚያፈላ፣ እንጨት የሚፍቅ፣ ክር በሰም የሚያሽ ሰው አላስፈለገም። የካርኑስቲ ስደተኞች የእጅ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበቃለት። የጎደጎደው የሆይሌክ ዱላም በ1931 በደንብ ታገደ።

ከባለእጆቹ መካከል ግን በሩ ጭራሽ ያልተከፈተላቸው ነበሩ። ጎልፈኛ ሁሉ ኳሱን የሚያስቀምጥባትን የእንጨት ቲ በ1899 በስሙ ያስመዘገበው ጆርጅ ግራንት የቦስተን የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊ። ከእሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ጆን ሺፐን የተባለ ጥቁር ወጣት በሺነኮክ ሂልስ የአሜሪካን ኦፕን ሊጫወት ሲመዘገብ ነጮቹ ባለሙያዎች ካልወጣ አንጫወትም አሉ፤ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሃቭማየር እሱ ብቻውንም ቢሆን ውድድሩ ይካሄዳል ብሎ አስቆማቸው። እጁ የተመሰከረለት ዱላ ሠሪ ዴዊ ብራውን በ1928 የባለሙያዎቹ ማኅበር አባል ሆነ፤ ማኅበሩ በ1934 አባልነትን ለነጮች ብቻ ሲያደርግ ግን ተሰረዘ። ትናንት በክለብ በር አትግቡ የተባሉት ሠራተኞች ራሳቸው በር ዘጊ ሆኑ። ይህን ሳስብ የኢንቨርነሱ ሰዓት ሌላ ስሜት ይሰጠኛል።

በ1952 በሳንዲያጎ ኦፕን የቀድሞው የቦክስ ሻምፒዮን ጆ ሉዊስና ቢል ስፒለር የተባለ ጥቁር ባለሙያ ለመጫወት መጡ። ሉዊስ አማተር ነው፣ እንግዳ ነው ተብሎ ተፈቀደለት። በጎልፍ ሊኖር የሚፈልገው ስፒለር ግን ተከለከለ። የባለሙያዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት በዚያን ጊዜ ሆርተን ስሚዝ ነበር፤ ሆይሌክ ላይ ጆንስን ያዳነውን ዱላ የሰጠው። አባልነትን ለነጮች ብቻ ያደረገው አንቀጽ ከማኅበሩ ደንብ የወጣው በ1961 ነው።

አትላንታም የራሷ ታሪክ አላት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ በሕዝብ ገንዘብ አንድ ሜዳ ከፍታ ቦቢ ጆንስ ብላ ሰየመችው። በ1951 አልፍሬድ ሆምስ፣ ሰዉ ሁሉ ታፕ የሚለው፣ ከሐኪም አባቱ፣ ከወንድሙና ከአንድ ወዳጃቸው ጋር በዚያ ሜዳ ሊጫወት ሄደ። ጥሩ ተጫዋች ነበር፤ ግብሩንም ለከተማዋ ይከፍላል። ጥቁር አይጫወትም ተብሎ ተመለሰ። ከሰሰ። የታችኛው ፍርድ ቤት ጥቁሮች በተለየ ቀን ይጫወቱ የሚል መንገድ ሲያሳይ ሆምስ አልተቀበለም፤ ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ኖቬምበር 7 ቀን 1955 ለእሱ ተፈረደ። ዲሴምበር 24 ቀን፣ በገና ዋዜማ፣ እሱና ወንድሙ ከወዳጃቸው ጋር በከተማዋ ሰሜን ፉልተን በተባለው ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን ኳስ መቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ የገዛ ልጁ ሃሚልተን ሆምስ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን በር ከከፈቱት ሁለት ጥቁር ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ አትላንታ ያለው የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ የሚጠራው በአልፍሬድ ታፕ ሆምስ ስም ነው።